የሼርሎክ ሆልምስ ልብና የደራሲው ቃል፦ ከአንድ የጅማ የንባብ ማኅበር የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የሚሰበሰብ አንድ የንባብ ማኅበር በልቦለድ ዓለም ብቻ በሚኖር መርማሪ የፍቅር ዝንባሌ ላይ ተከራክሮ ሊበተን ጥቂት ቀርቶት ነበር። መርማሪው ሼርሎክ ሆልምስ ነው። ጥያቄው ሆልምስ ባልንጀራውን ዶክተር ዋትሰንን የሚወድደው በጓደኝነት ብቻ ነው ወይስ ሰው ፍቅረኛውን እንደሚወድድ ነው የሚል ነበር። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል በሕይወት ሳለ ስለ ገጸ ባሕርዩ ልብ በግልጽ የተናገረው ቃል ስላለ፣ ክርክሩ ብዙም ሳይቆይ ከሆልምስ አልፎ ወደ ሌላ ጥያቄ ተሻገረ፤ ደራሲው «ሐሳቤ ይህ ነው» ካለ በኋላ አንባቢ በገጹ ላይ ሌላ ነገር አገኘሁ ሊል ይችላልን?

የማኅበሩ አስተባባሪ እንደመሆኔ ነገሩን ከመነሻው ተከታትየዋለሁ። እዚህ የምመዘግበው ተመሳሳይ ክርክር በየትኛውም የንባብ ቡድንም ሆነ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ሊነሣ እንደሚችል ስለማምንና የሄድንበት መንገድ፣ ያልሠራውም ጭምር፣ ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ ተስፋ ስለማደርግ ነው። የአባላቱን ስም ትቻለሁ፤ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችንም ለውጫለሁ። ስለ ውጭ አገር ደራስያንና ሥራዎቻቸው የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩና ንባቡ

ማኅበሩ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይገናኛል። ከአባላቱ መካከል ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፣ አንድ ጠበቃ፣ አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ በቡና ንግድ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሂርማታ መርካቶ ሱቅ ያለው ነጋዴና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይገኛሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይቀመጣል። አንዱ አንቀጹን በእንግሊዝኛ ያነብባል፤ ሌላው በአማርኛ፣ ሲያስፈልግም በአፋን ኦሮሞ ያብራራል፤ ከዚያ ውይይት ይከተላል።

ኮናን ዶይል ስለ ሆልምስ ከ1887 እስከ 1927 ድረስ 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ልቦለዶችን አሳትሟል። አጭሩን ታሪክ በአንድ ቅዳሜ ማጠናቀቅ ይቻላል፤ ደራሲው ያረፈው በ1930 በመሆኑም የባለቤትነት መብቱ ጊዜ አልፏልና ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አድርጎ ማደል አያስጠይቅም። ምርጫው ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበረውም፤ ማንም ስለ ፍቅር ሊከራከር ብሎ አላመጣውም።

ችግሩ እንዴት ተነሣ

የዕለቱ ንባብ በ1924 የወጣው «ሦስቱ ጋሪዴቦች» ነበር። በታሪኩ መጨረሻ ወንጀለኛው ሽጉጥ አውጥቶ ይተኩሳል፤ ጥይቱም ዋትሰንን ጭኑ ላይ ይመታዋል። ሆልምስ ወንጀለኛውን በሽጉጡ ጭንቅላቱን ብሎ ይጥለውና ባልንጀራውን አቅፎ ወደ ወንበር ይወስደዋል፤ «አልተጎዳህም አይደል ዋትሰን? ስለ እግዚአብሔር አልተጎዳሁም በለኝ!» ይለዋል። እዚህ ላይ ተራኪው ዋትሰን፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ጭምብል ጀርባ የተደበቀውን የታማኝነትና የፍቅር ጥልቀት ለማወቅ አንድ ቁስል ቀርቶ ብዙ ቁስል ቢከፈልበትም አይቆጭም ይላል። ጠንካሮቹ ዓይኖች ለአፍታ ሲደበዝዙ፣ የማይናወጡት ከንፈሮች ሲንቀጠቀጡ አየሁ፤ ከታላቁ አእምሮ ጋር ታላቅ ልብ እንዳለም ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተገለጠልኝ ይላል። ሆልምስ የዋትሰንን ሱሪ በኪስ ቢላዋ ተርትሮ ቁስሉ ቀላል መሆኑን ካየ በኋላ ወደ ወንጀለኛው ዞሮ፣ ዋትሰንን ገድለኸው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ክፍል በሕይወት አትወጣም ነበር ይለዋል።

ምንባቡ እንዳለቀ አንድ ተማሪ፣ «ይህ የጓደኛ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሆልምስ ዋትሰንን ያፈቅረዋል» አለ። ተማሪው ከ2010 ጀምሮ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቀረበውን ዘመናዊ የሆልምስ ተከታታይ ድራማ ተመልክቷል፤ በዚያ ድራማ ውስጥ ሰዎች ሁለቱን ፍቅረኞች እየመሰሏቸው ዋትሰን ደጋግሞ ሲያስተባብል ይታያል። ጡረተኛው መምህር ወዲያው፣ «ልጄ፣ ደራሲው ራሱ እኮ ተናግሮ ጨርሶታል፤ ሆልምስ እንደ ሒሳብ መሣሪያ ነው ብሏል፤ አንተ ከደራሲው በላይ ታውቃለህ?» ሲሉ መለሱ። ተማሪውም፣ «ጋሼ፣ ደራሲው ያለውን ሳይሆን የጻፈውን ነው ያነበብነው» አለ።

ክርክሩ በዚህ ቢቆም ኖሮ እንደ ማንኛውም የቅዳሜ ክርክር ያልፍ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛው ግን እንዲህ ያለ ነገር በማኅበሩ ውስጥ መነሣቱ ራሱ ተገቢ አይደለም ሲል ተቃወመ። ተቃውሞው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያስቀጣል፤ የአብዛኛው አባል ሃይማኖትም ድርጊቱን ይከለክላል፤ ጅማም ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ቀጥሎ የሆነው ግን ከሁሉ የከፋ ነበር፤ ከስብሰባው በኋላ በሻይ ቤት ጨዋታ ላይ «ለመሆኑ ልጁ ይህን ለምን አነሣው?» የሚል ጥያቄ መዞር ጀመረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት አባላት አልመጡም፤ ተማሪው መጥቶ አንድም ቃል ሳይናገር ሄደ።

መጀመሪያ የተወሰደው እርምጃ

ሥነ ጽሑፋዊው ጥያቄ መጠበቅ ይችላል፤ የሰው ስም ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁሉንም አባላት በየግላቸው አነጋግሬ አንድ ደንብ በማኅበሩ መዝገብ እንዲጻፍ ተደረገ። ደንቡ በአጭሩ፣ ስለ ገጸ ባሕርይ የተነገረ ንባብ በተናጋሪው ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቆጠርም፤ የማንም አባል የግል ሕይወት የውይይት ርዕስ አይሆንም፤ በአንድ ርዕስ ላይ መናገር የማይፈልግ ሰው ያለ ምክንያት ዝም ማለት ይችላል የሚል ነው። ጠበቃው ይህን ሲደግፍ፣ ስለ ነፍሰ ገዳይ ልብ የሚተረጉም አንባቢ ነፍሰ ገዳይ እንደማይባል ሁሉ ይህም በዚያው ሚዛን ይታይ አለ።

ደንቡ ሠርቷል፤ ሐሜቱ ወዲያው ባይጠፋም ማኅበሩ ውስጥ ግን መግቢያ አጣ። ከቀሩት ሁለት አባላት አንዱ ተመለሰ፤ ሌላው እስከ ዛሬ አልመጣም። ሒሳብ ሠራተኛውም ሦስተኛውን አንቀጽ ካነበበ በኋላ፣ ይህ ርዕስ ሲነሣ እየሰማሁ ዝም እላለሁ በማለት መቀመጡን መረጠ፤ ምርጫውም ተከበረለት። በኔ እምነት ይህ ደንብ ባይቀድም ኖሮ ቀጥሎ ከተደረገው አንዱም ሊደረግ አይችልም ነበር።

ያልሠሩት ሙከራዎች

አንዳንድ አባላት ነገሩ በድምፅ ብልጫ ይለይ ብለው ነበር። ድምፅ ተሰጠ፤ «ጓደኝነት ነው» የሚለው ወገን በሰፊው አሸነፈ፤ የተሸነፈው ወገን ግን በሐሳቡ እንደጸና ነበር፤ ያሸነፈውም ለምን እንዳሸነፈ በአንድ መስመር ማሳየት አልቻለም። የትርጓሜ ጥያቄ በእጅ ማውጣት እንደማይፈታ ሁሉም ተረዳ።

ቀጥሎ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ተሞከረ። አንዲት የሥነ ጽሑፍ ተማሪ፣ ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ አሜሪካውያን በ1946 ባወጡት ጽሑፍ የደራሲ ሐሳብ የአንድ ሥራ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል መከራከራቸውን፣ ሮላን ባርት የተባለው ፈረንሳዊም በ1967 «የደራሲው ሞት» በሚል ርዕስ ትርጉምን ከደራሲው እጅ ለማውጣት መነሣቱን አቀረበች። መምህሩም በዚያው በ1967 ኤሪክ ዶናልድ ሂርሽ የተባለ ሊቅ የአንድ ጽሑፍ ፍች ደራሲው ያሰበው እንደሆነ በመጽሐፍ መከራከሩን አስታወሱ። ሁለቱም ትክክል ጠቅሰዋል። ሆኖም ከሊቃውንቱ ስም ባሻገር ማንም ስለ ሆልምስ አዲስ ነገር አልተማረም፤ ነጋዴው አባላችንም «አሁን ወደ ሰውዬው እንመለስ» ብሎ የሁላችንንም ስሜት ተናገረ።

የደራሲው ቃል እንደ ምስክር ቃል

መንገዱን የከፈተው ጠበቃው ነው። በፍርድ ቤት የምስክር ቃል አይጣልም፤ እንዲሁም ያለ መስቀለኛ ጥያቄ አይታመንም፤ ቃሉ መቼ ተሰጠ፣ ለማን ተሰጠ፣ ስለ ምን ተጠይቆ ተሰጠ ተብሎ ይመረመራል፤ የደራሲውንም ቃል እንዲሁ እንመርምረው አለ። በዚህ መሠረት ኮናን ዶይል ከታሪኮቹ ውጭ ስለ ሆልምስ ልብ የተናገራቸው ሦስት ቃሎች በወረቀት ላይ በየዓመታቸው ተጻፉ።

የመጀመሪያው መምህሩ የጠቀሱት ነው። ኮናን ዶይል በ1892 ለጆሴፍ ቤል በጻፈው ደብዳቤ፣ ሆልምስ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ባቤጅ እንደነደፈው የሒሳብ መሣሪያ ሰብአዊነት የሌለው፣ በፍቅር የመውደቁም ዕድል ከዚያ መሣሪያ የማይበልጥ ነው ብሏል። ቤል በኤዲንብራ የደራሲው የሕክምና መምህር የነበረና ሆልምስ የተቀረጸበት ሰው ነው። ስለዚህ ቃሉ የተነገረው ለገጸ ባሕርዩ አርአያ ራሱ ነው፤ ወቅቱም ከ60ዎቹ ታሪኮች ብዙዎቹ ገና ያልተጻፉበት ነው።

ሁለተኛው ብዙዎቻችን ያልሰማነው ነበር። አሜሪካዊው ተዋናይ ዊልያም ጊሌት በ1899 ለመድረክ ያበቃውን የሆልምስ ተውኔት ሲያዘጋጅ፣ ሆልምስን ላጋባው ወይ ብሎ ደራሲውን በቴሌግራም ጠየቀው። የኮናን ዶይል መልስ፣ አጋባውም ግደለውም የፈለግኸውን አድርገው የሚል ነበር። በተውኔቱም ሆልምስ በፍቅር ወድቆ ይታያል። በ1892 «ይህ ሰው አያፈቅርም» ያለው ደራሲ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የገጸ ባሕርዩን ልብ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጥቷል።

ሦስተኛው ክርክሩን የለወጠው ነው። ኮናን ዶይል በ1924 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የሆልምስ ጠባይ ብርሃንም ጥላም አይቀበልም፤ የሒሳብ መሣሪያ ነው፤ በላዩ ላይ የሚጨመር ነገር ሁሉ ኃይሉን ያዳክመዋል ብሎ ጽፏል። መምህሩ ይህን በደስታ አስመዘገቡ፤ በ32 ዓመት ልዩነት ደራሲው ያንኑ ቃል ደግሟልና። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ግን ዓመቱን አይታ፣ «ሦስቱ ጋሪዴቦች መቼ ነው የወጣው?» ስትል ጠየቀች። 1924 ነው። በላዩ ምንም መጨመር አይገባም ባለበት በዚያው ዓመት ኮናን ዶይል የሆልምስን ዓይን አደብዝዞ ከንፈሩን አንቀጥቅጧል። መምህሩ ወረቀቱን ተቀብለው ደግመው አነበቡና፣ «እጁ የጻፈውን አፉ አላወቀለትም» አሉ። ከዚህ ቅጽበት በኋላ የደራሲውን ቃል ብቻ ጠቅሶ ክርክር ለመዝጋት የሞከረ አልነበረም።

ገጹ የሚለው

ቀጣዩ ሥራ ከታሪኮቹ ውስጥ ለጥያቄው የሚያገለግሉትን መስመሮች ሁሉ፣ ለወገን ሳያዳሉ፣ መልቀም ነበር። መምህሩ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ በመሆናቸው የአንድምታ መምህራንን ልማድ አመጡልን፤ በአንድምታ ብዙ ፍች ጎን ለጎን ይቆማል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፍች የሚፈታው ንባብ አለው፤ ንባብ የሌለው ፍች አይቆጠርም። እኛም ይህንኑ ሕግ አደረግን።

በ1890 በወጣው «የአራቱ ምልክት» ሆልምስ ፍቅር የስሜት ነገር መሆኑን፣ ስሜትም ከሁሉ በላይ ከሚያከብረው ቀዝቃዛ አስተሳሰብ ጋር እንደሚቃረን፣ ፍርዱ እንዳይዛባም እንደማያገባ ይናገራል። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ዋትሰን ሊያገባ መሆኑን ሲነግረው እንኳን ደስ አለህ ለማለት ይቸገራል፤ ለራሱም የቀረለት የኮኬይን ጠርሙሱ መሆኑን ተናግሮ እጁን ይዘረጋል። ተማሪው በዚህ ላይ አጥብቆ ቆመ፤ ባልንጀራው ሲያገባ እንዲህ የሚከፋው ሰው ልቡ የት እንዳለ ግልጽ ነው አለ። ሌሎች ደግሞ ብቸኛ ሰው አብሮት የሚኖረውን ጓደኛ ሲያጣ ማዘኑ ከዚያ በላይ ፍች እንደማያስፈልገው ተከራከሩ። ሁለቱም ፍች ንባብ ስላላቸው ተመዘገቡ።

በ1891 በወጣው «ቅሌት በቦሄሚያ» ውስጥ ሆልምስን በብልጠት የበለጠችው አይሪን አድለር አለች። ፊልሞች ብዙ ጊዜ ፍቅረኛው ያደርጓታል፤ ታሪኩ ግን ለእሷ ፍቅር የሚመስል ስሜት እንዳልነበረው በመጀመሪያው አንቀጽ ይናገራል፤ ስሜት ሁሉ፣ በተለይም ያ ስሜት፣ ሚዛኑን ለጠበቀ አእምሮው እንደሚያስጠላው ይገልጻል። በ1904 በወጣው «ቻርልስ ኦገስተስ ሚልቨርተን» ለምርመራ ሲል የቤት ሠራተኛ ያጫል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ነገሩ አብሮ ያልቃል። በ1910 በወጣው «የዲያብሎስ እግር» ደግሞ «አፍቅሬ አላውቅም ዋትሰን» ይላል፤ ቀጥሎም ባፈቅርና ያፈቀርኋት ሴት እንዲህ ያለ አሟሟት ቢገጥማት ኖሮ ሕግ የማያውቀው አዳኛችን ያደረገውን አደርግ ነበር ይላል። መምህሩ «ሴት» የሚለውን ቃል አስመሩበት።

እዚህ ላይ በመድረሳ ተምሮ ያደገው ነጋዴ ጥሩ ጥያቄ አነሣ። በሐዲስ ትምህርት ቃሉ ምን ይላል ከማለት በፊት በማን በኩል ደረሰን ይባላል፤ ስለ ሆልምስ ልብ የሚነግረን ማን ነው? መልሱ ዋትሰን ነው፤ ከ60ዎቹ 56ቱን የሚተርከው እሱ ነው። ዋትሰን ወዳጅ፣ አድናቂና ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ያየውን ሁሉ ይጽፋል ማለት አይቻልም፤ ያልጻፈውን አይቷል ማለትም አይቻልም። ሆልምስ ራሱ የሚተርካቸው ሁለት ታሪኮች ብቻ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በሆነው፣ በ1926 በወጣው «የአንበሳው ጋማ» ውስጥ፣ አእምሮዬ ሁልጊዜ ልቤን ሲገዛው ስለኖረ ሴቶች ከስንት አንዴ ነው የሳቡኝ ይላል።

ስለ ዝምታ የተነሣው ክርክር

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዋ፣ ታሪኮቹ የተጻፉበትን አገር ሕግ አነሣች። በእንግሊዝ በ1885 የወጣ ሕግ በወንዶች መካከል የሚደረግን የፆታ ግንኙነት አጥብቆ ይቀጣ ነበር፤ ኦስካር ዋይልድ የታሰረው በ1895 በዚሁ ሕግ ነው። ኮናን ዶይልና ዋይልድ በ1889 ለንደን ውስጥ ከአንድ አሜሪካዊ የመጽሔት አዘጋጅ ጋር አብረው ራት በልተዋል፤ «የአራቱ ምልክት»ና የዋይልድ «የዶሪያን ግሬይ ምስል» ከዚያ ራት የተወለዱ ሥራዎች ናቸው። እንግዲህ ደራሲው በግልጽ ሊጽፈው ያልቻለውን ሸፍኖ ጽፎት ይሆናል የሚል ሐሳብ ቀረበ።

ሐሳቡ የሚስብ ቢሆንም ሲመረመር አልጸናም። ኮናን ዶይል በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ዋይልድን በአክብሮት ቢያስታውስም፣ ለጥፋት ያበቃው ነገር ከፍርድ ቤት ይልቅ በሆስፒታል ሊታይ የሚገባው በሽታ ነበር ብሎ ጽፏል። በዚህ አመለካከት ያለ ሰው የሚወድደውን ጀግናውን ሆን ብሎ እንዲህ ቀረጸው ማለት ይከብዳል። በአንጻሩ ይህ የሚነግረን ስላሰበው ነገር ብቻ ነው። ቅጣት ባለበት ዘመን የተጻፈ ዝምታ ለየትኛውም ወገን ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ «አልተጻፈምና የለም» ማለትም «መጻፍ ስለማይቻል አለ» ማለትም እኩል መሠረት የላቸውም። ይህ ነጥብ ለሁለቱም ወገን መራራ ነበር፤ ሁለቱም ተቀበሉት።

ሦስተኛው ንባብ

የተለቀሙት መስመሮች በአንድ ገጽ ሲደረደሩ የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ማንም ያላለውን ተናገረች። «አንዳችሁ ሴት ይወድዳል ትላላችሁ፣ አንዳችሁ ወንድ ይወድዳል ትላላችሁ፤ እሱ ራሱ የሚለውን ለምን አታምኑትም? አልወድድም ነው የሚለው» አለች።

በኔ ግምት ከውይይቱ ሁሉ የጠለቀው ቃል ይህ ነው። ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ነገር ሲናገሩ የቆዩ ቢመስሉም አንድ እምነት ይጋሩ ነበር፤ ሰው ሁሉ የግድ አንዱን ፆታ ይመኛል፤ አንዱን ካልተመኘ ሌላውን ነው የሚል እምነት። ሴት አለመመኘቱን የሚያሳየው መስመር ሁሉ በተማሪው ዘንድ ለወንድ ፍቅር ማስረጃ ሆኖ ነበር፤ መምህሩ ደግሞ «ሴት» የሚለውን አንድ ቃል ይዘው በውስጡ የተኛ ምኞት አለ ይሉ ነበር። ገጹ ግን ከ1890 እስከ 1926 ድረስ፣ በዋትሰንም በሆልምስም አንደበት፣ ያንኑ ነገር ይደጋግማል፤ ይህ ሰው የፆታ ምኞትን ከሕይወቱ አውጥቷል ወይም ከመጀመሪያው አልነበረውም። ይህ ንባብ ከደራሲው የ1892 ቃልም ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን አንድ ማረሚያ ያስፈልገዋል። ደራሲው አለመመኘትን ከመሣሪያነት ጋር አንድ አድርጎታል፤ የ1924ቱ ገጽ ደግሞ ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ያሳያል። ሆልምስ ፆታዊ ምኞት ባይኖረውም ይወድዳል፤ የሚወድደውም ዋትሰንን ነው፤ ከዚያ የጠነከረ ፍቅር በ60ዎቹ ታሪኮች ውስጥ አላሳየንም። ሰው የማይመኝ ከሆነ የማይሰማው ነው የሚለውን አስተሳሰብ ይህ ገጽ ያፈርሰዋል፤ እኔም በዚህ ምክንያት ታሪኩን ከበፊቱ አብልጬ ወድጄዋለሁ።

ተማሪው ይህን ንባብ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለም። አብሮ መኖሩ፣ መከፋቱ፣ መንቀጥቀጡ ሲደመር ከጓደኝነት ይበልጣል የሚለውን አቋሙን ይዞ ቀርቷል፤ ንባቡም በመዝገቡ ላይ አለ። ማኅበሩ በአንድ ድምፅ አልወጣም፤ እንዲወጣም አልተጠየቀም።

የተገላቢጦሽ ፈተና

ከሆልምስ ከመሰናበታችን በፊት ጠበቃው አንድ ፈተና አቀረበ። የሃሪ ፖተር ደራሲ ጄ.ኬ. ሮውሊንግ የመጨረሻውን መጽሐፍ በሐምሌ 2007 ካወጣች በኋላ፣ በጥቅምት ወር ኒው ዮርክ ውስጥ ለአንባቢ ጥያቄ ስትመልስ ርእሰ መምህሩ ዳምብልዶር ወንድ የሚያፈቅር ሰው እንደሆነ ተናገረች። በመጻሕፍቱ ውስጥ ይህ በግልጽ አልተጻፈም። ቃሏን እንቀበል?

መምህሩ ወዲያው፣ መጽሐፍ ውስጥ ያልጻፈችውን በኋላ ብትናገር ምን ዋጋ አለው አሉ። ተማሪው ደግሞ፣ ደራሲዋ እኮ እሷ ናት አለ። ጠበቃው ሁለቱንም አስቁሞ የያዙትን ቦታ አሳያቸው፤ ኮናን ዶይል ላይ የደራሲ ቃል ይገዛል ያሉት ሮውሊንግ ላይ አይገዛም አሉ፤ አይገዛም ያለው ደግሞ ይገዛል አለ። መምህሩ ሳይቆጡ አመኑ፤ ተማሪውም እንዲሁ። ሁለቱም ለደራሲ ሥልጣን የቆሙት ሥልጣኑ ሐሳባቸውን ሲደግፍ ብቻ እንደነበር በዚያች ጊዜ ተገለጠ፤ የንድፈ ሐሳቡ ንግግር ሁሉ ያላመጣውን ለውጥ ይህ አጭር ፈተና አመጣው።

ሳይፈታ የቀረው

የቴሌቪዥን ድራማውን ከመጽሐፉ ለይቶ ማቆየት እስከ መጨረሻው አስቸግሯል። ድራማው ሌሎች ጸሐፊዎች ያዘጋጁት የራሱ ሥራ ነውና በውይይቱ እንዳይጠቀስ ተስማምተን ነበር፤ ሆኖም ወጣቶቹ ሆልምስን የሚያውቁት በተዋናዩ ፊት ስለሆነ ከድራማው የመጣ ትዝታ በየመስመሩ እየገባ ይደባለቅ ነበር። የቀረው አባልም አልተመለሰም፤ ደንቡን አሳይቼው ቢሆንም ስጋቱ በደንብ የሚመለስ አልነበረም።

ሌሎች ሊወስዱት የሚችሉት

የመጀመሪያውና ዋነኛው የቅደም ተከተል ነገር ነው። አንባቢን ከሐሜት የሚጠብቀው ደንብ ከትርጓሜው ውይይት በፊት ይጻፍ፤ በተለይ ርዕሱ ሕግና ሃይማኖት የሚነካ ሲሆን። ዝም የማለት መብት በደንቡ ውስጥ መግባቱ የተቃወሙትን ሳያስገድድ አብሮ ያቆያል። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት መምህር በክፍሉ ጥያቄውን ባያነሣ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ የሚጎዳው ከሁሉ በፊት ጥያቄውን የመለሰው ተማሪ ነውና።

የደራሲን ቃል በተመለከተ፣ ዓመተ ምሕረቱ ሳይጻፍ አይጠቀስ። የእኛ ክርክር የተፈታው በሐሳብ ብልጫ ሳይሆን 1924 የሚለው ቁጥር ሁለት ጊዜ በአንድ ወረቀት ላይ በመጻፉ ነው። ቃሉ ለማን እንደተነገረም ይታይ፤ ለአስተማሪ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ለተዋናይ የተላከ ቴሌግራምና ለሕዝብ የታተመ የሕይወት ታሪክ እኩል አይመዘኑም።

ጥያቄው በሁለት ምርጫ ሲቀርብ ሦስተኛ ምርጫ እንዳለ ይፈተሽ። ሁለቱ ወገኖች ሳያውቁት የሚጋሩት እምነት ምን እንደሆነ መጠየቅ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ የበለጠ ያስተምራል።

በመጨረሻም፣ ደራሲው ያለውን ለአባላት ከመንገር በፊት ገጹን ማንበብ ይበጃል። ማኅበሩ አሁን የአጋታ ክሪስቲን መርማሪ ኤርኩል ፖይሮን ይዟል፤ እሱም ያላገባ ነው፤ በአንዳንድ ታሪኮች ውስጥ ግን ቬራ ሮሳኮፍ የምትባል ሩሲያዊት ባለማዕረግ ልቡን ስትነካው ይታያል። አባላቱ ከየታሪኩ የለቀሙትን መስመር ጽፈው እስኪያመጡ ድረስ ክሪስቲ ስለ ፖይሮ የተናገረችው አንድም ነገር በክፍሉ እንዳይነበብ ተወስኗል፤ ውሳኔውን ያቀረቡትም ጡረተኛው መምህር ናቸው።